ያልታረመ ስጦታ ይታረም ይሆንን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



አበው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ይመስላሉ። ምሳሌው የወጣትነትን ችኮላ ስለሚነቅፍ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ዛሬ ለራት ያልበቃው ልጅ ነገ ይበቃ እንደ ሆነ አይነግረንም። እኛም በዚህ ወር ጽሑፋችን ልንመረምረው የፈለግነው ምሳሌው ሳይናገር የተወውን ይህንኑ ነገር ነው። ይኸውም ከእግዚአብሔር ታላቅ ስጦታ የተቀበለ፥ ነገር ግን ራሱን መግዛት ያልተማረ ወጣት ወደ ሙሉ ሰውነት ሊደርስ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ከሩቅ የመጣ እንዳይመስለን። በየአጥቢያችን ድምፁ ምእመናንን የሚያስለቅስ ዲያቆን አለ፤ ሆኖም ኪዳን ሲደርስ ተኝቶ ይገኛል። ቅኔ ሲቀኝ መምህሩን የሚያስደንቅ ተማሪ አለ፤ ሆኖም ከጓደኞቹ ጋር ሳይጣላ ውሎ አያድርም። አባቶችና ሽማግሌዎች በእንዲህ ያለው ልጅ ነገር ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ስለ ድምፁ ሲባል ይታለፍ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ደብሩን ሳያሰድብ ይሰናበት» ይላል። ሁለቱም ለቤተ ክርስቲያን የሚቆረቆሩ ናቸው፤ እኛ ግን ሁለቱም መንገዶች ልጁን ያጠፉታል ብለን እንፈራለን።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በገባ ጊዜ ስለ ንጉሡ በደል በቀጥታ አልጀመረም፤ ስለ ሌላ ሰውና ስለ አንዲት በግ ነገረው እንጂ (2ኛ ሳሙ. ምዕ. 12)። የሰው ዓይን በራሱ ነገር ይጨልማል፤ በሌላው ሰው ነገር ሲሆን ግን ፍርዱ ይቀናል። ስለዚህ እኛም ምሳሌያችንን ከደብራችን ቅጽር ውጭ፥ ከሩቅ ሀገር፥ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ልናመጣ ወደድን። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የማይገባ ነው የሚል ቢኖር፥ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ራስን ስለ መግዛት ሲያስተምር ምሳሌውን ከሩጫና ከቡጢ ሜዳ እንዳመጣ ያስታውስ (1ኛ ቆሮ. ምዕ. 9)። ደግሞም በከተሞቻችንና በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ብዙ ልጆች ይህን ጨዋታ የሚወዱት ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለአባቶቻቸው እንግዳ ሊሆን አይገባም።

የቅርጫት ኳስ የተጀመረበት ምክንያት ራሱ ለነገራችን መግቢያ ይሆናል። በ1884 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891) በታኅሣሥ ወር፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበረ። ቀደም ብሎ የነገረ መለኮት ትምህርት የተማረ ሰው ነው። በበረዶው ወራት በአዳራሽ የተዘጉት ተማሪዎቹ አስቸጋሪዎች ስለ ሆኑ፥ አለቃው ልባቸውን የሚያሳርፍ ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያገኝ አዘዘው። እርሱም ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ግራና ቀኝ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ 13 ደንቦች ጻፈ። ከደንቦቹም አንዱ በትከሻ መግፋትን፥ መያዝን፥ ማደናቀፍንና መምታትን የሚከለክል ነው። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ገና ሲወለድ ያልታረሙ ወጣቶችን ለማረም የታሰበ ነበረ።

ሮን አርቴስት የዚህ ጨዋታ ታላላቅ ተጫዋቾች ከሆኑት አንዱ ነበረ። በ1972 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወልዶ ኩዊንስብሪጅ በሚባለው የድኾች መኖሪያ ሰፈር አደገ። በ1991 ዓ.ም. ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ኤን.ቢ.ኤ. በተባለው የአሜሪካ ታላቅ የውድድር ማኅበር ውስጥ ለቺካጎ ቡድን ተመረጠ፤ በኋላም ወደ ኢንዲያና ቡድን ተዛወረ። ክንደ ብርቱ፥ ትጉህና ተጋጣሚውን አላላውስ የሚል ስለ ነበረ በ1996 ዓ.ም. በማኅበሩ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ።

ጠባዩ ግን ስጦታውን አልተከተለውም። የ1997 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ገና እንደ ተጀመረ፥ የሙዚቃ ሥራ ሳስተዋውቅ ደክሜአለሁና ዕረፍት ይሰጠኝ ብሎ በመጠየቁ አሠልጣኙ ለሁለት ግጥሚያ ከሜዳ አስቀረው። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ፥ ኅዳር 10 ቀን 1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004) በሚሺጋን ግዛት ከዲትሮይት ቡድን ጋር ተጋጠሙ። ጨዋታው ሊፈጸም ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቶት፥ የእርሱ ቡድን በ15 ነጥብ እየመራ፥ ድሉም በእጃቸው የገባ ያህል ሆኖ ሳለ፥ አርቴስት ቤን ዋላስ የተባለውን የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ሳያስፈልግ በኃይል መታው። ዋላስም መልሶ ገፋው፤ ግርግርም ሆነ። አርቴስት በሜዳው ዳር ባለው ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ሳለ፥ ከተመልካቾች አንዱ መጠጥ ያለበት ኩባያ ወርውሮ መታው። እርሱም በዚያች ቅጽበት ተስፈንጥሮ ወደ ተመልካቾች መቀመጫ ወጣ፤ አንዱንም ሰው ያዘ። የያዘው ሰው ግን ኩባያውን የወረወረው አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ነገር ልብ በሉ። ቁጣ ዓይን ስለሌለው የበደለውን ትቶ ያልበደለውን ይይዛል። በየቤታችን ስንት ጊዜ በመሥሪያ ቤት የተቆጣ አባት ልጁን ይመታል! በቅኔ ማኅሌት የተቀየመ መሪጌታ ስንት ጊዜ ነገሩን በተማሪው ላይ ይጨርሳል!

ከዚህ በኋላ ማኅበሩ አርቴስትን የቀረውን የውድድር ዘመን በሙሉ አገደው፤ ቁጥሩም የፍጻሜ ውድድሮች ተጨምረው 86 ግጥሚያ ሆነ። ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ደመወዙንም አጣ። ጉዳቱ ግን በእርሱ ብቻ አልቆመም። እርሱን ተከትሎ የገባው ጓደኛው ስቲቨን ጃክሰን 30 ግጥሚያ ታገደ፤ ሌሎችም ተቀጡ። ለዚያ ቡድን 18 የውድድር ዘመን የደከመው ሬጂ ሚለርም የዋንጫን ደስታ ሳያይ በዚያው ዓመት ጨዋታውን ተሰናበተ። የአንድ ሰው አለመገራት የሽማግሌውን የመጨረሻ ተስፋ በላው። እንግዲህ «ስጦታው ይታለፍለት» የሚሉ አባቶች፥ የሚያልፉት የማንን ዕዳ እንደ ሆነ ያስቡ። ባለ ስጦታው ያጠፋው ሲታለፍ የጠፋው አይጠፋም፤ ስጦታ የሌለው ጎረቤቱ ይከፍለዋል እንጂ።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር በሶምሶን ታሪክ ያስተምረናል (መሳ. ምዕ. 13–16)። ሶምሶን ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ለእግዚአብሔር የተለየ፥ ኃይሉም ከሰው ሁሉ የበለጠ ነበረ። ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ያሸነፈው ያ ኃይል የራሱን ዓይን ማሸነፍ አልቻለም። በመጨረሻም ዓይኑ ጠፍቶ በወህኒ ቤት እህል ሲፈጭ ጠጉሩ እንደ ገና ማደግ ጀመረ። ጠጉሩ ተመለሰ፤ ዓይኑ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ የእግዚአብሔር ምሕረት በወህኒ ቤትም እንደሚገኝ ከዚህ እንማራለን፤ ሳይዘገዩ ቢታረሙ ግን ዓይንን ማትረፍ እንደሚቻል ጨምረን እንማራለን።

አሁን ወደ ሰውየው ታሪክ እንመለስ። ሰኔ 10 ቀን 2002 ዓ.ም. አርቴስት የሎስ አንጀለስ ቡድን ተጫዋች ሆኖ ከቦስተን ቡድን ጋር ለዋንጫው በሰባተኛውና በመጨረሻው ግጥሚያ ተሰለፈ። አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር፥ የቡድኑ ታላቅ ተጫዋች ኮቢ ብራያንት ኳሱን ለእርሱ ሰጠው፤ እርሱም ከሩቅ ወርውሮ አገባ። ቡድኑ 83 ለ79 አሸነፈ፤ ከእነዚህም ነጥቦች 20ውን ያስገባው እርሱ ነበረ። ያን ዕለት ግን ለእኛ የሚጠቅመው ከድሉ በኋላ የተናገረው ነው። ዓለም ሁሉ በሚያየው ፊት ቆሞ፥ ልቡን እንዲያሳርፍ የረዳችውን የአእምሮ ሐኪም አመሰገነ። ቀድሞ ትቶአቸው የሄደውን የኢንዲያና ጓደኞቹንም አስቦ፥ ያን ጊዜ ወጣትና ትዕቢተኛ እንደ ነበረ አልሸሸገም።

ከዚህም በኋላ ብዙ ተጫዋቾች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚመኙትን ያን የድል ቀለበት ለዕጣ አውጥቶ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ገንዘቡም የአእምሮ ጭንቀት ላለባቸው ልጆች እንዲውል አደረገ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ያ አግዶት የነበረው የውድድር ማኅበር ተጫዋቾች ለሕዝብ ለሚያደርጉት በጎ ሥራ ከሚሰጡት ሽልማቶች አንዱ ተሰጠው። ቀድሞ ኩባያ ከወረወረበት ሰው ጋርም ኋላ ታርቀው እንደ ተወዳጁ ራሱ ተናግሮአል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ስብከታችን ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህ ሰው ስሙን ለውጦ ሜታ ወርልድ ፒስ ተባለ። የመጀመሪያው ቃል ከጥንታዊ የሕንድ ሀገር ቋንቋ የመጣ ሆኖ ለሁሉ በጎ መመኘትን ያመለክታል፤ ተከታዮቹ ሁለቱ ቃላት «የዓለም ሰላም» ማለት ናቸው። ስሙን በለወጠ በሰባት ወሩ፥ ሚያዝያ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ ነጥብ በማስገባቱ እየተደሰተ ሳለ ጄምስ ሃርደን የተባለውን ተጫዋች በክርኑ ራሱን መትቶ ጣለው። ያ ዕለት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዳግም ትንሣኤ ነበረ፤ ጌታችን በተዘጋ ቤት ገብቶ ለደቀ መዛሙርቱ ሰላምን የሰጠበት መታሰቢያ ነው። «ሰላም» የሚል ስም የያዘ ሰው በሰላም ዕለት ወንድሙን መታ።

እንግዲህ ብዙዎች «አላልነውምን? ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም» ይሉ ይሆናል። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ስም መለወጥ ብቻውን ሰውን እንደማይለውጥ እኛም እናምናለን። ክርስትና ስንነሣ የወረስነው ስም ወልደ ሚካኤል ወይም ኃይለ ማርያም ስለ ሆነ ብቻ ማናችንም ቅዱስ አልሆንንም። የተመታውንም ሰው ሕመም ማቃለል አይገባንም፤ ቅጣቱም ተገቢ ነበረ፤ ይኸውም የሰባት ግጥሚያ እገዳ ነው። ሆኖም ሁለቱን ውድቀቶች አስተያይተን ብንመዝን ልዩነት እናገኛለን። በመጀመሪያው ጊዜ የሚያውቀው መንገድ አልነበረውም። በሁለተኛው ጊዜ ግን ረዳት መፈለግን የለመደ ሰው ነበረ። ቅጣቱን ፈጽሞ ተመለሰ፤ እስከ 2009 ዓ.ም.ም በጨዋታው ቆይቶ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመክር አንጋፋ ሆነ። ጠቢቡ ሰሎሞንም ጻድቅ የሚታወቀው ባለመውደቁ ሳይሆን ሰባት ጊዜ ወድቆ በመነሣቱ መሆኑን ያስተምረናል (ምሳ. ምዕ. 24)። ልቡን የሚመረምረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ ስለዚህ ሰው ውስጣዊ ሕይወት እኛ አንፈርድም፤ ጻድቅ ነው ለማለትም አልተነሣንም። የምንለው፥ በዓይን የሚታይ የመታረም መንገድ በእርሱ ዘንድ ታይቶአል ነው።

የእኛም አበው ይህን መንገድ ያውቁታል። በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም አስቀድሞ ሽፍታ፥ ኃይለኛና ሰው የሚፈራው ነበረ። ወደ ገዳም በገባ ጊዜ ጠባዩ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ የቀድሞው ልማድ ጽኑ ውጊያ ሆነበት። ተስፋ ሊቆርጥ በቀረበ ጊዜ መምህሩ አባ ኤስድሮስ ገና ሳይነጋ ወደ ሰገነት አውጥቶ፥ ብርሃን ጨለማን ቀስ እያለ ሲያርቀው እንዳሳየው ይተረካል። ያ መምህር ደቀ መዝሙሩን አልተቆጣውም፥ አላሞገሰውምም፤ አብሮት ቆሞ ንጋትን ጠበቀ። የሀገራችንም ሰው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ኋላ ይኸው ሙሴ በአንድ ወንድም ላይ ሊፈርድ በተጠራ ጊዜ የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ የራሱ ኃጢአት ከኋላው ሲፈስ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መጠራቱን ለወንድሞቹ አስታወሳቸው። ቀድሞ ሰውን የሚያስፈራው ሰው ለሰው የሚራራ ሆነ። የመብሰል ምልክቱ ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለአባቶችና ለወላጆች የሚሆን ምክር እናውጣ።

መጀመሪያ፥ ስጦታ የጥፋት መክፈያ ሆኖ እንዳይቆጠር። በመክሊቱ ምሳሌ አምስት የተቀበለው የተጠየቀው አምስት እንደ ተቀበለ ሰው ነው (ማቴ. ምዕ. 25)። ድምፀ መልካሙ ዲያቆን ከኪዳን ቢቀር፥ ድምፁ እንደማይሰማው ዲያቆን እኩል ይገሠጽ። አሠልጣኙ ምርጥ ተከላካዩን ለሁለት ግጥሚያ ማስቀረቱ ጭካኔ አልነበረም፤ ምናልባት ቀደም ብሎ ደጋግሞ ያደረገለት ሰው ቢኖር ኖሮ የኅዳሩ ጥፋት ባልደረሰ ነበር።

ሁለተኛ፥ ተግሣጽ ማባረር አይደለም። የሚገሠጸው ልጅ በግሣጼው ማግሥት ደጁን የሚከፍትለት አንድ ሰው ያስፈልገዋል። የንስሐ አባት የተሾመው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልጁን ሁሉም ይቆጣዋል፤ የእኔ ነው የሚለው ግን አይገኝም።

ሦስተኛ፥ አንዳንዱ ቁጣ የአእምሮ ሕመም እንደሚሆን እንወቅ። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ጠበል ስንወስደው ወደ ሐኪም ከመውሰድ አንከልክለው። ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ስለዚህም ሊከበር እንደሚገባው ሲራክ በመጽሐፉ አስተምሮናል (ሲራክ ምዕ. 38)። ያ ተጫዋች በዓለም ፊት ያላፈረበትን ነገር እኛ በቤታችን ውስጥ ለምን እናፍርበታለን?

አራተኛ፥ የተበደለው ሰው አይረሳ። ካሣና ዕርቅ የሌለው ንስሐ ግማሽ ንስሐ ነው። ባለ ስጦታው ልጅ ወደ ማኅሌቱ ከመመለሱ በፊት ወደ መታው ጓደኛው ደጅ ይሂድ።

ወጣቶች ሆይ፥ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። የተቀበላችሁት ስጦታ ያለ ድካማችሁ መጣላችሁ፤ ጠባይ ግን ያለ ድካም አይመጣም። ስጦታችሁ የሰዎችን ጭብጨባ ያመጣላችኋል፤ ጭብጨባው ግን ኩባያ ሲወረወርባችሁ አይዛችሁም። በዚያች ቅጽበት የሚይዛችሁ ማንም ሳያያችሁ በጾም፥ በስግደትና በመታዘዝ የለመዳችሁት ነገር ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ታሪክ አስታውሰን እንፈጽም። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ወጣት ሳለ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ በመንገድ ትቶአቸው ተመለሰ (የሐዋ. ምዕ. 13)። በሁለተኛው ጉዞ ጳውሎስ አብሮን አይሄድም አለ፤ በርናባስ ግን ይሂድ አለ። በዚህም ምክንያት ሁለቱ ታላላቅ ሐዋርያት ተለያዩ (የሐዋ. ምዕ. 15)። ጳውሎስ ስለ ሥራው ክብር አሰበ፤ በርናባስ ስለ ልጁ አሰበ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ራሱ ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ ማርቆስ ለአገልግሎት የሚጠቅመው ስለ ሆነ እንዲያመጣለት ለጢሞቴዎስ ጻፈ (2ኛ ጢሞ. ምዕ. 4)። ያ በመንገድ የተመለሰው ወጣት ወንጌልን ጻፈ፤ በእስክንድርያም መንበር ተቀመጠ። ከዚያም መንበር በአራተኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተሹሞ ወደ ሀገራችን መጣ።

እንግዲህ ክህነታችን የደረሰን አንድ ጊዜ «አይረባም» በተባለ ወጣት እጅ በኩል ነው። በርናባስ ያን ቀን ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህን የምናስብ አባቶች፥ ዛሬ በደጀ ሰላማችን የሚያውከንን ባለ ስጦታ ልጅ ከማባረራችን በፊት፥ ወይም ጥፋቱን በዝምታ ከማለፋችን በፊት፥ አብሮት የሚቆም አንድ በርናባስ እንፈልግለት። ካልተገኘም እኛው እንሁንለት።

የአባቶቻችን አምላክ ለወጣቶቻችን ማስተዋልን፥ ለእኛም ትዕግሥትን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።